ሰባሪው መንገዱ አይደለም!

ደሴ የምትኖረው እናቴ ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ቁጢጥ ማለት ተስኗታል። እኛም ልጆቿ አዋጥተን የሴራሚክ ሽንት ቤት መቀመጫና የእጅ መታጠቢያ ከመርካቶ ገዛንላት። መግዛቱስ ቀላል ነው። ጭንቁ ማድረሱ ነው! 400 ኪሎ ሜትር ያህል በጭነት መኪና ተጉዞ፣ የታርማ በርን ቁልቁለት ወርዶ ደህና ይገባ ይሆን? አንድ ጎረቤታችን የላኩት ለሁለት ተከፍሎ ነው የደረሰው። ሹፌሩ «ስንጭነውም እንዲሁ ነበር» አለና አረፈው።

ሁላችንም መንገዱን እንረግማለን። እኔ ግን ልንገራችሁ፣ ሰባሪው ባዶ ቦታ ነው! ሴራሚክ በኃይለኛ እሳት የተተኮሰ ሸክላ ስለሆነ ጠንካራ ነው፤ ግን አይለመጥም። ካርቶኑ ውስጥ ከተወዛወዘ፣ ከብረት ጋር ከተላተመ አለቀለት።

ታዲያ ምን ይደረግ? እስቲ በተራ እንየው።

ሱቁ ውስጥ እያላችሁ በጣታችሁ አንኳኩት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደግ ነው። የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላልና ሌላ አስመርጡ።

የውሃ መያዣው ከመቀመጫው ጋር ተያይዞ አይሂድ። ይፈታ፤ ክዳኑም ለብቻው ይጠቅለል። ብሎኖቹን በፌስታል ቋጥሩ።

እያንዳንዱን በአሮጌ ብርድ ልብስ ወይም በስፖንጅ ጠቅልሉ። የካርቶኑን ክፍተት፣ የመቀመጫውንም ጎድጓዳ ሳይቀር፣ በጭድ ወይም በተጨማደደ ጋዜጣ ሙሉት። ከዚያ ነቅነቅ አድርጉት። ከተንቀሳቀሰ ገና ነው፣ ጨምሩበት!

ሲጫን አትጥፉ። «ተሰባሪ» ብሎ መጻፍ ብቻውን አይበቃም፤ ለጫኝና አውራጆቹም በአፋችሁ ንገሯቸው። ጭድ በሞላ ማዳበሪያ ላይ በእግሩ ይቁም። ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ብረት እላዩ ላይ አይውጣ። ገመዱም ሴራሚኩን በቀጥታ አይነካው።

የእኛ ዕቃ ደሴ ሲገባ ወንድሜ እዛው መኪናው ሥር ካርቶኑን ከፍቶ አንኳኳው። ጥርት አለ! እናንተም ዕቃችሁን ለሚቀበለው ሰው ይህንኑ አደራ በሉት።

ሌላው የወረቀቱ ጉዳይ ነው። መኪናው ሳይነሳ ደረሰኙ ላይ የዕቃው ብዛትና ሳይሰበር መጫኑ ይጻፍ። ተቀባዩም ከፍቶ ሳያይ እንዳይፈርም። የተሰበረ ካለ ሹፌሩ ባለበት፣ እማኝ ቆሞ፣ እዚያው ወረቀት ላይ ይስፈር። ከፈረሙ በኋላ «ተሰብሮብኛል» ቢሉ ማን ይሰማል? ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ቸር ይግጠመን!