«እስቲ ከፍ አድርገው»

በሴንትራል ዲስትሪክት በአንድ አሮጌ አፓርትመንት ቦይለር የሚጠብቅ ወገናችን አለ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉ እናት «ልጄ፣ ውሃው ለብ ብሎ ቀረብኝ፤ እስቲ ከፍ አድርገው» አሉት። እውነትም ስክሪኑ ላይ 120ን 140 ፋራናይት ማድረግ የጣት ሥራ ነው። ነገር ግን 140፣ ሻይ እንኳ የማያፈላ ሙቀት፣ ቆዳን በ5 ሴኮንድ ገደማ ክፉኛ ያቃጥላል፤ በ120 ደቂቃዎች ይፈጃል። የዋሽንግተን ስቴት በ1983 እ.ኤ.አ. ለመኖሪያ ቤት የሚሸጥ አዲስ ውሃ ማሞቂያ ሲመጣ የተስተካከለበት ሙቀት ከ120 እንዳይበልጥ በሕግ የደነገገው ሕፃናት በቧንቧ ውሃ እየተቃጠሉ ስላስቸገረ ነው።

ስለዚህ ቁጥሩን ሳይነካ ቧንቧዎቹን ፈተሸ። ከቦይለሩ የሚወጣው ትኩስ፣ ከፎቅ የሚመለሰው ቀዝቃዛ፤ ውሃውን የሚያዞረው ፓምፕ ቆሟል።

«እማማ፣ ጥፋቱ የፓምፑ ነው። እስኪቀየር ትንሽ ይታገሡኝ» አላቸው።