ጋሻው ላይ ያለው ጨረቃ

ሁለት ጋላቢዎች ጦር ተማዘዋል። ጉግስ የወጡ ይመስላሉ፤ የሚጋልቡት ግን ፈረስ አይደለም። አንዱ ፀሐይ ነው፤ አንበሳ ላይ ተቀምጧል። ሌላዋ ጨረቃ ናት፤ ግማሹ ንስር፣ ግማሹ አንበሳ የሆነ አውሬ ትጋልባለች። ሥዕሉ የሚገኘው «አውሮራ ኮንሰርጀንስ» በተባለው የአልኬሚ መጽሐፍ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1420ዎቹ ገደማ በእጅ የተጻፈው ቅጂ ዛሬ ዙሪክ ውስጥ ተቀምጧል።

እኔን የያዘኝ ጋሻቸው ነው። የፀሐይ ጋሻ ላይ የተሳለው ጨረቃ ነው፤ የጨረቃ ጋሻ ላይ ደግሞ ፀሐይ። እየተዋጉም አንዱ የሌላውን ምልክት ይዟል።

አልኬሚስቶች ብረቶች ሁሉ ከድኝና ከባዜቃ፣ ማለትም ከሜርኩሪ፣ ይወለዳሉ ብለው ያምኑ ነበር። ሐሳቡ የደረሳቸው በጃቢር ኢብን ሀያን ስም ከሚታወቁት የዐረብኛ ጽሑፎች ነው። ድኝ ደረቅና ተቀጣጣይ፣ ወንድ፤ ሜርኩሪ ቀዝቃዛና ፈሳሽ፣ ሴት። ሠዓሊዎች ፀሐይና ጨረቃ፣ ንጉሥና ንግሥት አድርገው ሳሏቸው። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሲዋሐዱ አንድ አካል ይሆናሉ፤ ግማሹ ወንድ፣ ግማሹ ሴት። ራሳቸው ግን ያኔም ሁለት ነው።

ነገሩ ምናብ ብቻ አይደለም። ድኝና ሜርኩሪ አብረው ሲፈጩ መጀመሪያ የሚወጣው ጥቁር ዱቄት ነው። ያ ጥቁር በእሳት ተኖ ሲረጋ ቀይ ይሆናል፤ ቨርሚሊዮን ይባላል። የመካከለኛው ዘመን ሠዓሊዎች መጻሕፍትን ያስጌጡበት ደማቅ ቀይ ይኸው ነው። ጥቁሩን ሳያልፉ ቀዩ አይገኝም።

ይሄን ሳነብ ቤታችን ትዝ አለኝ። እናቴና አባቴ ሲጨቃጨቁ ሰምቼ አላውቅም። ጎረቤቱ ሁሉ «እንደነሱ አንድ የሆነ የለም» ይል ነበር። አባቴ የሚወዳቸውን ዘፈኖች በቃሌ አውቃቸዋለሁ። እናቴ የምትወደውን አንድ እንኳ ጥራ ብባል አልችልም። እንግዲህ ያ መዋሐድ ነበር ወይስ አንዷ ቀስ ብላ መጥፋቷ?

ዘንድሮ ላገባ ነው። «አንድ ሁኑ» የሚለውን ምርቃት በደስታ እቀበላለሁ፤ ግን አንድ መሆን ዝም መባባል እንዲሆንብን አልፈልግም። ባለፈው ሳምንት እጮኛዬን «ከእኔ የማትወጂው ምንድን ነው?» አልኳት። መልሷ አጭር አልነበረም። እኔም የራሴን አወጣሁ። ተከራከርን፣ ተኮራረፍን፣ ቡናው ቀዘቀዘ።

ጥቁሩ ዱቄት ይሄ ከሆነ፣ ይሁን።