የማይበላ ዛፍ

የፎገራ ሰው መሬቱን የሚያውቀው በሚያበላው ነው። «ይኼ የሩዝ ነው፤ ያኛው የጓያ ነው፤ ወንዝ ዳሩ የሽንኩርት ነው» ይልዎታል። «ይኼ ደግሞ ዐይኔን የማሳርፍበት ነው» የሚል ገበሬ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። አይፈረድበትም። ርብና ጉማራ ከደጋው ጠርገው ያመጡትን አፈር ጣና ሳይደርሱ የሚያራግፉት እዚሁ ሜዳ ላይ ነው። ሜዳው ክረምት ክረምት ውኃ ስለሚተኛበት ቀድሞ ለፎገራ ከብት የተተወ የግጦሽ አገር ነበር። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች የሩዝን ነገር ካሳዩ ወዲህ ያ የሚተኛው ውኃ መርገምነቱ ቀርቶ ሀብት ሆነ። «ኤክስ ጅግና» የተባለው የሩዝ ዘር እንኳ ስሙን ያገኘው በጎረቤት ደራ ወረዳ ካለችው ከጅግና ነው። ሩዙ ሲሰፋ ግጦሹ ጠበበ፤ ከብቱም አነሰ። ዛሬ ከወረታ ወደ ባሕር ዳር ሲጓዙ በጣና በኩል ዐይንን የሚያግድ ዛፍ ብዙም አያገኙም።

እንግዲህ በዚህ አገር «የጌጥ ዛፍ ልተክል ነው» ብሎ መነሣት፣ በጾም ቀን ስለ ክትፎ እንደ ማውራት ያለ ነው። ነገሩ የመጣብኝ ከቤቴ ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ እናቴ ወረታ ባለው ግቢያችን ብቻዋን ናት ማለት ይቻላል። እኔ ከወረቀት ጋር እየታገልሁ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ እመላለሳለሁ፤ እኅቴ በትዳር ደብረ ታቦር ናት፤ ታናሽ ወንድሜ ብቻ እዚያው ሩዝ መፈልፈያ ቤት ይሠራል። አባቴ የአትክልት መደብ ያደርገው የነበረው የጓሮው ክፍል ሁለት ዓመት ጦሙን አደረ። ወንድሜ ባሕር ዛፍ ይተከልበት አለ፤ በአምስት በስድስት ዓመት አጣና ይወጣዋል፣ አጣናው ይሸጣል። እናቴ አልተዋጠላትም። ዐይኔ የሚያርፍበት፣ አበባ ያለው፣ ሰው ሲመጣ በርጩማ አውጥቼ የማስቀምጥበት ዛፍ ተከሉልኝ አለች።

«እማዬ፣ አይበላ፣ አይሸጥ! ለምን ይሆነናል?» አላት ወንድሜ።

«አባታችሁስ ይበላ ነበር? ይሸጥ ነበር? እዚያ ቁጭ ብሎ ሳየው ግን ደስ ይለኝ ነበር።»

ወንድሜ መልስ አልነበረውም። የመረጣውም ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ።

ለዐይን ብሎ ዛፍ መትከል ከከተማ የመጣ ቅምጥልነት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ከእኛ በስተ ሰሜን አዘዞ ላይ ዐፄ ሱስንዮስ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የውኃ ገንዳ ያለው የመናፈሻ አትክልት ቦታ አሠርተው ነበር፤ ቦታውም ገነተ ኢየሱስ ተባለ። ጎንደር መካከል ያለውን የጃንተከል ዋርካ ስም ብዙ ሰው «ጃንሆይ የተከለው» ብሎ ይፈታዋል። ንጉሡንና መኳንንቱን ተዉአቸው ቢባል እንኳ የደቡብ ጎንደር ባላገር ቤተ ክርስቲያኑን በዛፍ ካልከበበ ቤተ ክርስቲያን ያለው አይመስለውም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በፈረንጆቹ 2007 በኔዘርላንድስ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት በዚሁ በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምረው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ቆጥረዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ 160ዎቹ የአገር በቀል ናቸው። ይህን ሁሉ ያቆየው የሚሸጥ አጣና አይደለም። ዛፍ በሌለበት እምቧጮ አድባር ይሆናል የሚለው ሕዝብ፣ ዛፍን ከማገዶ በላይ አድርጎ የሚያይ ሕዝብ ነው።

ቢሆንም ምኞት ብቻውን ሥር አይሰድም፤ አፈሩን መጠየቅ ያስፈልጋል። የእኛ አፈር ዋልካ ነው። ዋልካን የማያውቅ የከተማ አንባቢ ካለ እንዲህ ይገመተው፤ ክረምት ሲመጣ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ጫማ ከእግር ይነጥቃል፣ የወሰደውን ውኃ ደግሞ ወደ ታች አያሳልፍም። በጋ ሲሆን ይጨማተርና ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ሲያብጥና ሲኮማተር የቤት ግድግዳ ይሰነጥቃል፤ የለጋ ችግኝንም ሥር ይበጥሳል። በነሐሴ የሚሞተው ሥሩ አየር አጥቶ በስብሶ ነው፤ በሚያዝያ የሚሞተው በጥም ነው። አንዱ አፈር በአንድ ዓመት ውስጥ በሁለት ተቃራኒ ሞት ይገድላል። ጎርፉ ደግሞ አለ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ወንዞቹ ሞልተው ፎገራን ሲያጥለቀልቁ ከሜዳው ቤቱን ጥሎ የወጣው ሰው ብዙ ነበር። ከዚያ ወዲህ በእኛ ሰፈር አቅም ያለው ሁሉ ግቢውን በቀይ አፈር እያስደለደለ ከፍ አድርጓል፤ አባቴም የፊቱን ክፍል አስደልድሎ ጓሮውን እንዳለ ተወው። ስለዚህ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት አገር አለን።

ችግኝ ጣቢያ ሄድሁ። ሻጩ ወጣት ትሑት ነው፤ «የጌጥ ነው የምትፈልገው? ሞልቷል» ብሎ እየዞረ አሳየኝ። ግራቪሊያ፣ ሸውሸዌ፣ ቀይ ጠርሙስ መጥረጊያ የሚመስል አበባ የሚያወጣው ቦትል ብራሽ፣ ጃካራንዳ፣ የድሬዳዋ ዛፍ፣ የፈረንጅ ጥድ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከባሕር ዛፍ ጋር አገራቸው አውስትራሊያ ነው፤ ጃካራንዳ ከደቡብ አሜሪካ፣ የድሬዳዋ ዛፍ ስሙ ይሸውድ እንጂ ከማዳጋስካር፣ የፈረንጅ ጥድ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጡ ናቸው። ሸውሸዌንም አርዘ ሊባኖስ የሚለው ሰው አለ፤ ሊባኖስን በዞረበት አላየም። የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በፕላስቲክ ከረጢት ተደርድሮ ማለት ነው። እንግዳን በእንግድነቱ ብቻ አልጠላም፤ በርበሬና በቆሎም እንግዶች ነበሩ።

ጃካራንዳን የማይወድ ማን አለ? በመጋቢትና በሚያዝያ የባሕር ዳርን ጎዳና ወይን ጠጅ ሲያለብሰው ሥራ ያስፈታል። ይሁን እንጂ ውኃ የሚተኛበትን ከባድ አፈር አይወድም፤ ግራቪሊያም እንዲሁ። የድሬዳዋ ዛፍ ሙቀት ወዳድ ነው፤ ሥሩም በአፈሩ ገጽ ላይ እየሳበ ግንብና ንጣፍ ያነሣል፤ ግቢያችን ጠባብ ነው። ሸውሸዌና ቦትል ብራሽ እርጥበቱን ይችላሉ፤ ግን እናቴ የሸውሸዌን ድምፅ «ሲያለቅስ ነው የሚያድረው» ብላ ከወዲሁ አስወጣችው። ስለ ዋርካ ያነሣ ጎረቤትም ነበር። ዋርካ ለአደባባይ ነው። የዋርካ ዘመዶች ሥር ግንብን ምን እንደሚያደርግ ማየት የሚፈልግ ጎንደር ወርዶ የፋሲል መዋኛን አጥር ይመልከት፤ ሥሩ ድንጋዩን እንደ እባብ ተጠምጥሞበታል። ለጎብኚ ድንቅ ነው፤ ለጭቃ ቤት ግን አያዋጣም።

ስለ ወይን ጠጅ አበባ ካነሣሁ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ጣናን የወረረው እምቦጭም የጌጥ ተክል ነበር። ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው ሰው አበባውን ወድዶ በኩሬው ስላኖረው ነው። ወደ አገራችን ቆቃና አዋሽ ላይ በ1950ዎቹ ማብቂያ ታየ፤ ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነገሩ በይፋ ታወቀ፤ ከዚያ ወዲያ የፎገራ ዳርቻ ሰው ከሩዙ ማሳና ከከብቱ መጠጫ በእጁ እየነቀለ ሲያወጣው ኖረ። በሁለት ሳምንት ራሱን የሚያጥፍ ነገር በእጅ ተነቅሎ መቼ ያልቃል! የወፍ ቆሎም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው፤ ለአጥር ማሳመሪያ መጥቶ ከአጥር አልፎ ሄደ፤ ቅጠሉ ከብት ይመርዛል። ስለዚህ የጌጥ ተክል ሲመረጥ «ያምራል ወይ?» ከሚለው ቀጥሎ «ከግቢዬ ቢወጣ ምን ያደርጋል?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ችግኝ ሻጩን ይህን ጠይቄው ሣቀብኝ።

የወንድሜንም ወገን በቅን ልየው። ባሕር ዛፍ ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ያልተሰደበበት ቀን የለም፤ ነገር ግን የድኻ ባንክ ነው። ቀዩ ባሕር ዛፍ ረግረጉንም ድርቁንም ይችላል፤ ተቆርጦ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ልጅ ሲታመም፣ ደግስ ሲመጣ ይሸጣል። ከሥሩ ግን ምንም አይበቅልም ማለት ይቀላል፤ ከጎረቤት ድንበር ከተጠጋም ያጣላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሊቆረጥ የተተከለ ዛፍ ነው። እናቴ የጠየቀችው የማይቆረጥ ነው።

መልሱን የሰጡን ከችግኝ ጣቢያው ይልቅ አንድ አዛውንት ጎረቤት ናቸው። «ውኃ የሚተኛበትን ቦታ ውኃ ዳር ያደገ ይወቀው እንጂ» አሉ፤ «ዶቅማ አትተክሉም?» ዶቅማ! በልጅነታችን ወንዝ ዳር ፍሬውን እየለቀምን ምላሳችንን ያጠቆርንበትን ዛፍ፣ ለካ ዛፍ ብለን ቆጥረነው አናውቅም። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም፤ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ጫፉ ቀይ ወደ ሐምራዊ ይሆናል፤ ነጭ አበባው ይሸታል፤ ንብ ይወደዋል። «አይበላ» ላለው ወንድሜም ፍሬው አፍ ያዘጋል። ለተደለደለው ለፊቱ ክፍል ብርብራ ተመረጠ። ብርብራ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በተፈጥሮ የማይገኝ ዛፍ ነው፤ አበባው ወይን ጠጅ ስለሆነ ጃካራንዳን ላጣ ሰው ማካካሻ ይሆናል፤ ጥላው ሰፊ ነው። የጣና ዓሣ አጥማጆች ፍሬውን ወቅጠው ውኃ ላይ በመበተን ዓሣ ያሰክሩበት እንደነበር የምታውቀው እናቴ «ልጆች እንዳይቀምሱት» ብላ አስጠነቀቀች። ለአጥሩ ዳር ኮርች። ኮርች ቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢተከል ይጸድቃል፤ በበጋ ቅጠሉን አራግፎ በባዶ እንጨት ላይ ቀይ አበባ ያነድዳል፤ እሾሁም ያጥራል።

ዶቅማ ግን የሚሸጥ ችግኝ አላገኘንለትም። ምክንያቱ ከዘሩ ነው፤ የዶቅማ ዘር ከደረቀ ይሞታል፤ እንደ ባሕር ዛፍ ዘር በከረጢት ታሽጎ አይቀመጥም። በበሰለበት ሰሞን ለቅሞ፣ ሥጋውን አጥቦ፣ በዚያው ሳምንት መዝራት ነው። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ካለ ዛፍ ሥር የወደቀውን በአስተዳዳሪው ፈቃድ ለቀምን፤ እናቴ ውኃ የያዘ የዘይት ጀሪካን ገምሳ፣ ሥሩን በስታ መደብ አደረገችው። የብርብራው ቀላል ነበር፤ ዘሩ ትልቅ ስለሆነ በሦስት ሳምንት ውስጥ ብቅ ብቅ አለ።

አተካከሉ ላይ የምመክረው አንድ ነገር ነው፤ ዋልካ ላይ ያለ ሰው በመጽሐፍ የተጻፈውን «ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረህ በለስላሳ አፈርና በፍግ ሙላ» የሚለውን እንዳለ አይቀበል። ዋልካ ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ ገንዳ ነው። ዙሪያው ውኃ ስለማያሳልፍ የክረምቱ ዝናብ ሁሉ እዚያው ይጠራቀምና ችግኙ ቆሞ ይሰምጣል። እኛ ጓሮው ላይ ጉድጓዱን ትተን ጉልበት የሚደርስ፣ ስፋቱ ሁለት ክንድ የሆነ ጉብታ ሠራን፤ ዋልካውን ከፍግና ከሩዝ ገለባ ጋር ደባልቀን፤ ዙሪያውን ውኃ መውረጃ ቦይ አወጣን። ጊዜውንም አዘገየነው። ሰው ሁሉ በሐምሌ ሲተክል፣ እኛ ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ ገበሬው ጓያውን በቀሪው እርጥበት በሚዘራበት ሰሞን ተከልን። በጋውን ስንጥቁ እንዳይከፈት ሥሩን በገለባ ሸፈንነው። ፕላስቲኩን ሳይቀድዱ ከነከረጢቱ የሚተክሉም አሉና እሱን መናገር አያስፈልግም ማለት አይቻልም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ በተባለበት አገር፣ ከተከላው ይልቅ የሚቀጥለው ሚያዝያ የሚያስጨንቀው ሰው ያስፈልገናል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጊዜው ሰላም አልነበረም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት መንገዱ የሚከፈትበትን ቀን ሳናውቅ ያደርንበት ጊዜ ነበር። ወንድሜ አንድ ማታ በስልክ «ነገ ምን እንደሚመጣ ሳናውቅ ስምንት ዓመት የሚጠበቅ ዛፍ!» አለኝ። የምመልስለት አልነበረኝም፤ እሱም ዝም ብሎ ቆየና «የሆነ ሆኖ ዛሬ ውኃ አጠጥቻታለሁ» ብሎ ዘጋው።

እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ብርብራው ጥላ እስኪጥል ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ጠይቃኝ፣ እንደ አያያዙ ነው ብዬ አድበስብሼ አለፍሁ። «ግዴለም፤ በርጩማውን ወደ ዛፉ እያስጠጋሁ እጠብቀዋለሁ» አለችኝ። ከሦስቱ የዶቅማ ችግኞች አንዱን ፍየል በላው። ሁለቱ በእሾህ ታጥረው ቆመዋል፤ አንደኛው ባለፈው የጫፍ ቅጠሉን ቀይ አድርጎ አውጥቶ ጎረቤቶቹ ታመመ ብለው ሊነቅሉት ነበር።