ፓንግሎስ የማይረታው ለምንድን ነው?

ፈረንሳዊው ደራሲ ቮልቴር «ካንዲድ» የተባለ ልብ ወለዱን እ.ኤ.አ. በ1759 ሲያሳትም ስሙን ደብቆ፣ መጽሐፉ ዶክተር ራልፍ ከሚባል ሰው ጀርመንኛ ተተረጎመ ብሎ አወጣው። ፌዙ ገና ከሽፋኑ ይጀምራል።

ሳነበው የሚያስቀኝም የሚያበግነኝም አንድ ቦታ አለ። ዣክ የሚባል ደግ ሰው፣ በበሽታ ተበልቶ የነበረውን የባለታሪኩን የካንዲድን መምህር ፓንግሎስን ያሳከመው ማለት ነው፣ ሊዝበን ወደብ አጠገብ በማዕበል መካከል አንድ መርከበኛ ያድንና ራሱ ባሕር ውስጥ ይወድቃል። መርከበኛው ዞር ብሎም አላየው። ካንዲድ ሊያወጣው ሊዘል ሲል መምህሩ ፓንግሎስ ያስቆመዋል፦ ወሽመጡ የተፈጠረው ዣክ እንዲሰጥምበት ነውና! ማስረጃውን ሳይጨርስ መርከቧ ተሰነጠቀች።

ልብ ወለዱ መነሻ ያደረገው የእውነተኛው ሊዝበን ጥፋት የደረሰው ኖቬምበር 1 ቀን 1755፣ በቅዱሳን ሁሉ በዓል ጠዋት ነው። ሕዝቡ ቅዳሴ ላይ ሳለ ምድር ተናወጠች፣ ባሕሩ ከተማው ላይ ወጣ፣ እሳቱም ለቀናት ነደደ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ፓንግሎስ ትምህርቱን የወሰደበት ፈላስፋ ላይብኒትዝ ያኔ ከሞተ አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ እሱ ክፉ ነገር የለም አላለም፤ እግዚአብሔር ሊፈጥራቸው ይችል ከነበሩት ዓለማት የመረጠው ከሁሉ የሚሻለውን ነው አለ እንጂ። ቮልቴር ይህን ሐሳብ አላፈረሰውም፤ የፈለገው ያህል ሬሳ ቢቀርብለት የማይደነግጥ መሆኑን ነው ያሳየን። አንድ ሰው ሞተ? ለበጎ ነው። ከተማ አለቀ? እሱም ለበጎ ነው።

(«ካንዲድ» በወጣበት ዓመት ለንደን ላይ ደራሲው ሳሙኤል ጆንሰን የሐበሻውን ልዑል ራሴላስን ከምቾት ሸለቆው አውጥቶ ደስታ ፍለጋ አንከራተተው። ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ የመለሰው ያ መጽሐፍ የቮልቴርን ነገር ሳይስቅ፣ በትካዜ ይለዋል።)

ቮልቴርን ክፉኛ የሞገተው ፈላስፋው ሩሶ ነው። ቮልቴር ስለ ሊዝበን ጥፋት የጻፈውን ግጥም አንብቦ በ1756 ረጅም ደብዳቤ ጻፈለት፦ እነዚያን ፎቅ ቤቶች እዚያ የደረደረ ተፈጥሮ አይደለም፤ ደግሞስ አንተ በሀብትና በዝና መካከል ታማርራለህ፣ እኔ ድሃውና በሽተኛው ተስፋ አደርጋለሁ አለው። እውነት አለው። ሐዘንተኛው ራሱ «ለበጎ ነው» ሲል ማን አፉን ይይዘዋል? የሚያስጠላው ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ የሌላውን ሐዘን ትርጉም የሚያከፋፍለው ነው።

ፓንግሎስ ግን በዚህም አይያዝም፤ እሱ ራሱ መከራ ቀማሽ ነው። አንድ ዓይኑን አጥቷል፣ ተሰቅሏል፣ ተገርፏል፣ በሰንሰለት ታስሮ መርከብ ቀዝፏል። ካንዲድ እንኳ ትምህርቱን የካደው ሱሪናም ውስጥ መንገድ ዳር የወደቀውን፣ እጁንም እግሩንም የተቆረጠውን የስኳር ባሪያ ሲያይ ነው። መምህሩ ግን ፈላስፋ ነኝ፣ ቃሌን አላጥፍም፣ ላይብኒትዝም ሊሳሳት አይችልም ይላል። ወደ መጨረሻው ላይ ቮልቴር የሰውየውን ጉድ ያወጣዋል፦ አንዴ ሁሉም መልካም ነው ስላለ እንዲሁ ማለቱን ቀጠለ እንጂ፣ ራሱ ቅንጣት ታህል አላመነበትም።