ስለ አንዲት ጠባብ መታጠቢያ ቤት

በእነዚህ ገጾች ላይ ስለ ፍቅር ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ሀገርም እንዲሁ። ስለ መታጠቢያ ቤት ግን አንድ መስመር አላየሁም። የሚስቅ ይሳቅ እንጂ እኔ የምጽፈው ስለ እናቴ መታጠቢያ ቤት እድሳት ነው። ርዝመቷ 1.50 ሜትር፣ ወርዷ 1.20 ሜትር ናት። ሰው መኻሏ ቆሞ እጁን ቢዘረጋ ሁለቱን ግድግዳ ይነካል።

ቤቱ አዲስ አበባ ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እናቴ ከዚያ በፊት የኖረችው በቀበሌ ቤት ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች በአንዱ። እዚያ ሽንት ቤቱ ለስድስት አባወራ አንድ፣ ከግቢው ጥግ፣ ቁልፉ በምስማር ላይ። ሰልፍ ነበረው፤ ግን ከምድጃ ይርቃል። አሁን ከምድጃዋ በ2 እርምጃ ሲሆንባት «እህል በሚበስልበት ቤት ይሄ ምን ይሠራል?» አለች። ሽታውም አላስቀመጣት። በዕጣንም በበረኪናም ታገለችው።

ሽታው ግን ከቆሻሻ የመጣ አልነበረም። የወለሉ ውሃ መውረጃ ከሥሩ የታጠፈ ቧንቧ አለው፤ ሲፎን የምንለው። በእጥፋቱ ውስጥ ጥቂት ውሃ ምንጊዜም ይቀራል። ከፍሳሹ መስመር የሚመጣውን መጥፎ አየር የሚመልሰው ያ ውሃ ነው እንጂ ሌላ ክዳን የለውም። ለዚህ ዓይነቱ እጥፋት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1775 የባለቤትነት መብት ያገኘው አሌክሳንደር ከሚንግ የሚባል፣ ለንደን ይሠራ የነበረ ሰዓት ሠሪ ነው። ሰዓት ሠሪ መሆኑ ደስ ይለኛል። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፤ ወለሉ ለቀናት ውሃ ካላየ እጥፋቱ ይደርቃል፣ ሽታውም መንገድ ያገኛል። መድኃኒቱ በየሁለት ቀኑ አንድ ጣሳ ውሃ ማፍሰስ ነው። በቃ! ሳንቲም አላወጣንበትም።

የከበደው ማንጠባጠቡ ነው። ከበታቻችን የሚኖሩት እትዬ የእናቴ የቡና ወዳጅ ናቸው። አንድ ቀን ሽንት ቤታቸው ተቀምጠው ሳሉ አናታቸው ላይ ጠብ አለ፤ በማግስቱም እንደገና። አልተጣሉም። «የሰው እጣቢ በራሴ ላይ!» ብለው ዝም ነው ያሉት፤ ግን ቡና መጠራራቱ ቀረ። እናቴ ደግሞ መታጠቢያ ቤቷን ዘጋችና «በሰው አናት ላይ አልታጠብም» አለች። በሳፋ ትታጠባለች፤ ውሃው ከወለሉ ይሁን ከመቀመጫው ሥር የሚያሾልከው ስላልታወቀ እጣቢውን 3 ፎቅ ወርዳ ትደፋለች። በዚያ ጉልበቷ! «እኔ ልውረድልሽ» ብላት «ያንተ ሥራ ትምህርትህ ነው» ትላለች።

ገንዘቡ የእቁብ ነበር፤ አንዴ ከወጣ የሚተካው በዓመቱ ነው። ታላቅ ወንድሜ ግድግዳው እስከ ላይ ሴራሚክ ካልለበሰ ምኑን ታደሰ ባይ ነው። ሴራሚክ ሻጩም፣ ምን ይደረግ፣ ከእሱ ጋር ተስማማ። ግንበኛው ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። «ልጆች፣ ሴራሚክ ውሃ አያስቀርም፤ በመገጣጠሚያው ያሳልፋል። ውሃ የሚይዘው ከሥሩ ያለው ነው» አሉ። እኔ ከጋሼ ጋር ወገንኩ። የመቀመጫውን ቦታ ለመቀየር የነበረውንም ሐሳብ እሳቸው ናቸው ያስተዉን፤ ቧንቧ ከተነቀለ ጎረቤትም አብሮ ይፈርሳልና።

ሊሾው ሲፈነቀል ነገሩ ተገለጠ። በወለሉ መውረጃ ዙሪያ ሲሚንቶው ከፕላስቲኩ ተላቆ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበር። ፕላስቲክና ሲሚንቶ ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ እኩል አይሳሳቡም፤ ሲቆይ ይለያያሉ። ክፍተቱ ተሞላ። ከዚያ 1 እጅ ሲሚንቶ በ3 እጅ አሸዋ ተቦክቶ፣ በሜትር 2 ሳንቲም ወደ መውረጃው እንዲያዘቀዝቅ ተደርጎ ፈሰሰ። ጋሼ ከፍታውን የለኩት ውሃ በሞላ ብርሃን አስተላላፊ ጎማ ነው። 7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ቆየ፤ ወንድሜ ይህን ሁሉ ቀን ለምን እንደሚፈጅ አልገባውም፤ ሲሚንቶ ግን በውሃ እንጂ በመድረቅ አይጠነክርም። በላዩ ውሃ የማያሳልፍ ቅብ ሁለት ጊዜ ተቀባ፤ ግድግዳው ላይም 20 ሳንቲም ያህል ወጣ። ከእቁቡ ገሚሱ እዚሁ፣ ማንም በማያየው ቦታ አለቀ። የእጅ መታጠቢያውን ከምናለሽ ተራ አሮጌ ገዛን፤ ከሴራሚክ የሚቀረው ግድግዳ የዘይት ቀለም ይበቃዋል ተባለ።

ቀጥሎ ፈተናው መጣ። መውረጃውን በላስቲክ በተጠቀለለ ጨርቅ ደፍነን ወለሉን በ3 ሳንቲም ውሃ ሞላነው፤ 50 ሊትር ገደማ፣ ማለትም ሁለት ጄሪካን ተኩል ነው። በፈረቃ ለሚያገኝ ሰው ቀላል አይደለም፤ እናቴ አጉረመረመች። 24 ሰዓት መቆየት አለበት። እትዬ ከታች ወለላቸው ላይ ጋዜጣ አነጠፉ። እናቴ ያን ሌሊት የተኛች አይመስለኝም፤ ሁለት ጊዜ ተነሥታ በሩን ስትከፍት ሰምቻለሁ።

በማግስቱ እትዬ ጋዜጣውን እንደታጠፈ ይዘው ወጡ። ደረቅ ነበር። እናቴ ዳር ዳሩን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ከዚያ «ግቡ እንጂ፣ በር ላይ ምን ያቆማችኋል» አለቻቸው።

ሴራሚኩ የተነጠፈው ከዚያ በኋላ ነው፤ ወለሉና የሻወሩ ጥግ እስከ ትከሻ ድረስ ብቻ። ከሦስት ዓይነት ትርፍራፊ ስለተለቀመ ቀለሙ አይገጥምም። ወንድሜ በመጣ ቁጥር ይህንኑ ያነሣል።