አራተኛው ቀን

በአምቦ ከተማ የእድሩ ጡሩምባ ሲነፋ ሥራ ይቆማል። ድንኳን ይተከላል፤ ወንበር ይደረደራል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ሟች በየወሩ ሲያዋጣ በኖረበት እድር በኩል ለቤተሰቡ ገንዘብ ይሰጣል። ሦስት ቀን ያህል የሐዘኑ ቤት ሰው አያጣም። ሕዝባችን ለሞት ያበጀው ይህ መሰናዶ በእውነት የሚያኮራ ነው። በገዛ እጁ መጉረስና መልበስ የማይችል ልጅ ያለው ወላጅ ግን ሌሊት ከእንቅልፉ የሚያባንነው የአራተኛው ቀን ነገር ነው።

በንጉሡ ዘመን «ሀገረ ሕይወት» ትባል በነበረችው በዚህች ከተማ፣ የእንዲህ ያለው አባት ሐሳብ ስለ መድኃኒቱ ሰዓት፣ ስለ ገንፎው ውፍረት፣ ልጁ በሌሊት ሲደነግጥ ማን እንደሚያባብለው ነው። አንዳንዱ «ከእኔ በፊት ይውሰድልኝ» ብሎ እስከ መጸለይ ይደርሳል። ይህን የሰማ ጎረቤት ጭካኔ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን አደራ ተቀባይ ያጣ ፍቅር ነው።

ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ይህንን ጭንቀት ወደ ሥራ ከለወጡት ወገን ነበሩ። ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ቢያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። በ2013 ዓ.ም. እናቲቱ ልጃቸውን ትተው አረፉ፤ የማዕከሉ ሥራ ግን ከእርሳቸው ጋር አልተቀበረም። እርግጥ ነው፣ ማዕከል ማቆም የሚችል ወላጅ ስንት ነው?

የምዕራብ ሸዋ ኦሮሞ የሌላውን ልጅ በጉዲፈቻ የራሱ ማድረግን ከጥንት ያውቅበታል። ጉዲፈቻ ግን በአብዛኛው ለሕፃን ነው፤ ጢም ላበቀለውና ዛሬም ጫማውን ማሰር ለማይችለው ማን ይድረስለት? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ራሱን ማስተዳደር ለማይችል አዋቂ በፍርድ ቤት ሞግዚት እንዲሾም ይፈቅዳል። ሕጉ ሹመቱን ይሰጣል እንጂ የሚሾመውን ሰው ወልዶ አያመጣም። ሰውየው መገኘት ያለበት ወላጅ በሕይወት ሳለ ነው፤ ልጁ ገበያ ሲወጣ፣ ቡና ሲጠራ፣ ጎረቤት እጁን ይዞ ሲያጎርሰው። በጓዳ ተሸሽጎ ያደገ ልጅ፣ የወላጁ ቀብር ዕለት ለሰፈሩ እንግዳ ነው።

የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ስለ ድንኳንና ስለ ወንበር በዝርዝር ይደነግጋል። ስለዚህ ልጅ አንድ አንቀጽ ለመጨመር የአንድ እሑድ ስብሰባ ይበቃል።