ሰባራው ድልድይና የእኔ ዕዳ

ለማፍረስ የሚቸኩል ሰው ምክንያት አያጣም፤ ለመጠገን የሚዘገይ ሰውም ምክንያት አያጣም። ይህን ነገር የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአንድ የድንጋይ ድልድይ ነውና፣ ወጣቶች ሆይ፣ እንዳየሁትና እንደ ሰማሁት ላጫውታችሁ።

ድልድዩ ያለው በዓባይ ወንዝ ላይ፣ ከጎጃም ወገን በሞጣ፣ ከጎንደር ወገን በአንዳቤት መካከል ነው። ስሙም ሰባራ ድልድይ ይባላል። የተሠራው በ17ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ፋሲል ዘመነ መንግሥት ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በአባታቸው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1626 እ.ኤ.አ. ግድም፣ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ሌላ የድንጋይ ድልድይ ተሠርቶ ነበር። ያኛው እስከ ዘመናችን ሰው ሲያሻግር፣ ይኸኛው ግን ስብራቱ ስም ሆኖት ቀረ።

እንዲህ ያለውን ድልድይ የሚያቆመው ቅስት ነው። በቅስት ውስጥ እያንዳንዱ ድንጋይ የሚቆመው ጎረቤቱን ተደግፎ ነው። ሸክም ሲጫነው ድንጋዮቹ ይበልጥ ይተቃቀፋሉ እንጂ አይለያዩም፤ ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ቢወጡ ግን የቀሩት ተከትለው ይወርዳሉ። ጣሊያን አገራችንን ወርሮ በቆየበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን የመካከለኛው ቅስት ፈረሰ። ባገራችን ሽማግሎች እንደሚተርኩት ያፈረሱት አርበኞች ናቸው፤ ጠላት እንዳይሻገርበት ብለው። በዚህ እኔ አልከራከርም። አገር ሲወረር ድልድይ መስበር ነውር አይደለም። ነውሩ የመጣው በኋላ ነው። ጠላት ወጣ፤ ድልድዩ ግን ስድሳ ዓመት ያህል እንደ ተሰበረ ቀረ።

በእነዚያ ዓመታት መሻገሪያው ገመድ ነበር። ተሻጋሪው ገመዱን በብብቱ ሥር ይታጠቃል፤ ከወዲህና ከወዲያ የቆሙ ጎልማሶች ግራና ቀኝ ወጥረው ይዘው በባዶው ላይ ይጎትቱታል። ከእግሩ በታች ዓባይ ይጮኻል። ሰውም ዕቃም በዚሁ ያልፍ ነበር።

እናቴ የሞጣ ልጅ ስትሆን የተዳረችው ወዲያ ማዶ ነው። እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በነሐሴ ወር፣ የአያቴ መርዶ መጣ። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እኔን አስከትላ ገደሉን ወረደች። ከድልድዩ ስንደርስ ጎታቾቹ አዩዋትና ራሳቸውን ነቀነቁ። ነፍሰ ጡር ነበረች። «እቴ፣ ገመዱ ሆድሽን ይይዘዋል፤ የሁለት ነፍስ ዕዳ አንሸከምም» አሏት። ለመነች፣ አለቀሰች፤ እነርሱም አብረዋት አለቀሱ እንጂ አላሻገሯትም። ወዲያው አጎቴ ከማዶ መጥቶ በስብራቱ ጫፍ ቆመ። ፊቱ ይታየኝ ነበር። እርሱ ከዚያ፣ እናቴ ከዚህ ሆነው፣ የወንዙን ጩኸት ለማሸነፍ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የእናታቸውን ሙሾ ተቀባበሉ። በመካከላቸው የነበረው ክፍተት ባንድ የቤት ምሰሶ ልክ የሚቆጠር ጥቂት ርምጃ ነበር። እናቴ ግን እናቷን ሳትቀብር ተመለሰች።

አድጌ ከተማ ገባሁ፣ ተማርሁ፣ ደመወዝ በላሁ። ስለ አባቶቻችን ጥበብ በተነሣ ቁጥር ሰባራ ድልድይን እየጠራሁ በኩራት እናገር ነበር። ኬን ፍራንትዝ የሚባሉ አንድ አሜሪካዊ የሕንፃ ሥራ ሰው፣ በገመድ የሚጎተተውን ሰው ሥዕል በመጽሔት ላይ አይተው፣ ነገሩ እንቅልፍ ነሣቸው። በ2002 እ.ኤ.አ. ከአገሬው ሰው ጋራ ሆነው ክፍተቱን በብረት አጋጠሙት። እኔ ይህን ስሰማ «ይገርማል!» አልሁና ወደ ሥራዬ ሄድሁ።

በዚያው ዓመት እናቴ በእግሯ ተሻገረች። ከመካከል ስትደርስ ቆማ ወደ ታች ተመለከተችና፣ «ይህን የሠራው ማነው?» አለችኝ። «ከባሕር ማዶ የመጡ ሰው ናቸው» አልኋት። ጥቂት ዝም ብላ፣ «የእኛስ ሰው የት ሄዶ ነበር?» አለች። የምትጠይቀኝ ስለ ሌላ ሰው መስሎኝ መልስ ፈለግሁ። ሌሊቱን ሳስበው ግን የእኛ ሰው የተባለው እኔ ነበርሁ። ሥዕሉን ያየው ሰው መጣ፤ ነገሩን በዓይኑ ያየው ልጅ አልመጣም።

የብረቱም ነገር አልዘለቀም፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ዳግመኛ ተሰበረ። በ2009 እ.ኤ.አ. ግን በሌላ ሥፍራ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግር ድልድይ ተሠራ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ነፍሰ ጡር ሴት ከእንግዲህ በሙሾ ብቻ አትሻገርም። አሮጌው ድልድይ ግን ያን ጊዜ ሥራ ፈታ። ሥራ የፈታ ነገር ደግሞ ባለቤት ያጣል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ወደ ወንዙ ወረድሁ። አንድ የዘመዴ ልጅ ከድልድዩ ክንፍ የወደቀ ጥርብ ድንጋይ እያንከባለለ አገኘሁት። ለበረት አጥር ሊወስደው ነው። ተቆጣሁ፤ ፋሲልን ጠራሁ፣ አርበኞችን ጠራሁ። ልጁ ጨዋ ነውና እስክጨርስ ጠብቆ፣ «ጋሼ፣ ይህ ድንጋይ ሰው ሲያሻግር ማንም አይነካውም ነበር። ዛሬ የሚያሻግረን ሌላ ነው። እንዲህ ካሳዘነዎት እስከ ዛሬ ለምን አልጠገኑትም?» አለኝ። የእናቴን ጥያቄ ሁለተኛ ጊዜ በሌላ አፍ ሰማሁት። የምመልስለት ቃል አልነበረኝም። ስለዚህ ጎንበስ ብዬ ድንጋዩን ባንድ ወገን ያዝሁ፤ እርሱም አይቶኝ በሌላው ወገን ያዘ፤ ወደ ነበረበት መለስነው። በማግሥቱ ሁለታችን ገጀራ ይዘን በግንቡ ስንጥቅ ውስጥ የበቀለውን ቁጥቋጦ ስንመነጥር ዋልን። የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ስድሳ ዓመት አይክስም።

አሁን በዚያ አገር ስለ ድልድዩ ሦስት ዓይነት አሳብ እሰማለሁ። አንዱ ወንዙ ይውሰደው ይላል። ሁለተኛው እንደ ገና ተገጥሞ መሻገሪያ ይሁን ይላል። ሦስተኛው እንደ ተሰበረ ይጠበቅ ይላል። እኔ ከሦስተኛው ጋራ ነኝ። ስብራቱም እንደ ሥራው ሁሉ ታሪክ ነውና፤ አባቶች መሥራትንም ለነጻነት ሲሉ መስበርንም እንደ ቻሉ፣ ልጆች ግን መጠገንን እንደ ረሱ ቆሞ ይመስክር። ይሁን እንጂ «ይጠበቅ» ማለት ቃል ብቻ ከሆነ የመጀመሪያው አሳብ ያሸንፋል፤ ክረምት የሰው ክርክር እስኪያልቅ አይጠብቅምና።

መጠበቅ ደግሞ ዕውቀት ይፈልጋል። የዛፍ ሥር ግንብ ይሰነጥቃልና ገና ለጋ ሳለ መነቀል አለበት። የተከፈተው መጋጠሚያ በኖራ እንጂ በሲሚንቶ አይደፈንም፤ ሲሚንቶ ከጥንቱ ኖራ ይልቅ ደረቅ ስለ ሆነ ርጥበትን አፍኖ ይይዝና ድንጋዩን ይበላዋል። ስለዚህ ቅን ልብ ብቻ አይበቃም፤ የሚያውቀውን መጠየቅ ያሻል። የወደቀው ድንጋይ እንዳይወሰድ መጠበቅ ግን ዕውቀትም ገንዘብም አይጠይቅም።

ወጣቶች ሆይ፣ በየአገራችሁ ሰባራ ድልድይ አይጠፋም። የግድ የድንጋይ አይሁን፤ በጠብ የተቋረጠ ዝምድና፣ የተዘጋ ትምህርት ቤት፣ የደረቀ ምንጭ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱን የሰበረው ሰው በቂ ምክንያት ነበረው፤ እናንተ በሰባሪው ላይ ፍርድ ስትሰጡ ዕድሜያችሁን አትጨርሱ። ይልቅስ ምክንያቱ ካለፈ በኋላ ማን ሊጠግነው እንደሚገባ ጠይቁ። ጥያቄውን ስትጠይቁ ዙሪያችሁን ብቻ አትመልከቱ። እኔ ዙሪያዬን ስመለከት ብዙ ዘመን አለፈብኝ።

እናቴ አርፋለች። የተቀበረችው በሞጣ በኩል በእናቷ አጠገብ ነው፤ አስከሬኗም ያለፈው በአዲሱ ድልድይ ላይ ነው። እኔ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ገጀራዬን ይዤ ወደ አሮጌው እወርዳለሁ። ያ የዘመዴ ልጅም ይመጣል። ባለፈው ዓመት ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ ነበር።